ድንጋዩን አይቀቅሉት

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ የጨው ውሃ አኳሪየም

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

"ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ልጆቹ ክላውንፊሽ ካልገዛህልን ብለው እረፍት ቢነሱኝ ባለ 40 ጋሎን አኳሪየም ከሰው ላይ ገዛሁ። ዓሣ የሚሸጥበት ሱቅ ሄጄ ስጠይቅ 'የጨው ውሃ ያለ ላይቭ ሮክ አይሆንም' አሉኝና በእርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለለ 35 ፓውንድ ድንጋይ ይዤ መጣሁ። ከገባ በአራተኛው ቀን ውሃው ደፈረሰ፤ ሽታው ከሳሎን አልፎ መኝታ ቤት ደረሰ። የአሞኒያ መለኪያው ጥቁር አረንጓዴ ነው። የሱቁ ሰው 'ሁለት ዳምሰልፊሽ ጨምርበት፣ ሳይክሉን (አሞኒያ የሚያጠፉት ተህዋስያን የሚበዙበትን ሂደት) ያስጀምሩልሃል' ይለኛል። ባለቤቴ 'አውጥተህ ጣልልኝ' ትላለች። ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የመጡት እናቴ ደግሞ 'ድንጋዩን ቀቅለህ፣ ፍቀህ መልሰው' ይላሉ። ማንን ልስማ?"

መልስ

ወንድሜ፣ ሌላውን ሁሉ ቀስ ብለን እንደርስበታለን። አስቀድሜ ግን ይህን ልበልዎት፦ ድንጋዩን እንዳይቀቅሉት። የፈላ ውሃም አያፍስሱበት፣ ማይክሮዌቭ ውስጥም አያስገቡት፣ በግፊት በሚረጭ ማጠቢያም አይምቱት። ከባሕር በመጣ ድንጋይ ላይ ፓሊቶአ የሚባሉ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህሉ ቡናማ ለስላሳ እንስሳት ተጣብቀው ሊመጡ ይችላሉ። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ መርዝ አላቸው፤ በተፈጥሮ ውስጥ ከሚታወቁት እጅግ ከባድ መርዞች አንዱ ነው። መፍላት አያከሽፈውም። ድንጋዩ ሲቀቀል ከእንፋሎቱ ጋር ተነሥቶ በትንፋሽ ይገባል። ድንጋይ በመቀቀሉ ብቻ የቤቱ ሰው ትንፋሽ አጥሮት፣ ትኩሳትና ሳል ይዞት ሆስፒታል የገባባቸው አጋጣሚዎች በሕክምና መጽሔቶች ላይ ታትመዋል። ቤትዎ ውስጥ ልጆችና አረጋዊት እናት አሉ፤ ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት ይህን የማነሣው።

ለእናትዎ አክብሮቴን ያድርሱልኝ። ለወጥ ቤት ትክክለኛ ምክር ነው፤ ተህዋስያንን ለማጥፋት መቀቀልን የመሰለ የለም። እርስዎ ግን ገንዘብዎን የከፈሉት ለነዚያው ተህዋስያን ነው። ከቀቀሉት ተራ ድንጋይ ይቀርዎታል።

አሁን ወደ ሽታው እንምጣ። ላይቭ ሮክ በአብዛኛው የሞተ ኮራል አጽም ነው። ሕያው ያሰኘው ላዩ ላይና ቀዳዳው ውስጥ የሰፈረው ፍጥረት ነው፤ ስፖንጅ፣ ትል፣ ሚጢጢ ሸርጣን፣ ሐምራዊ አልጌ፣ ከሁሉም በላይ በዓይን የማይታዩት ባክቴሪያዎች። ድንጋዩ ከባሕር ወጥቶ በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልሎ ሲጓዝ ከነዚህ ብዙዎቹ፣ በተለይም ስፖንጆቹ፣ መንገድ ላይ ይሞታሉ። የሞተው ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ በፕሮቲኑ ውስጥ የነበረው ናይትሮጅን አሞኒያ ሆኖ ውሃው ውስጥ ይገባል። መለኪያዎን ያጠቆረው ይህ ነው። ይህን የመበስበስ ጊዜ በራሳቸው ገንዳ አሳልፈው የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ፤ ድንጋዩ 'ኪዩርድ' ይባላል፣ ዋጋውም ይጨምራል። የእርስዎ ገና በዚያ ያላለፈው ነው። በዚህ አይዘኑ። እኔ ብጠየቅ የምመርጠው ይሄኛውን ነው፤ በገንዳ ብዙ ከቆየው ይልቅ ብዙ ዓይነት ሕይወት ይዞ ይመጣልና። ባለቤትዎ ግን ስለ ሽታው እውነት አላቸው፤ ሽታው ካለ ሥራ አለ።

ሥራውን ዛሬውኑ ይጀምሩት። የጎማ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ፤ እጅዎ ላይ ቁስል ካለ ሌላ ሰው ይሥራው። አንድ ባልዲ የጨው ውሃ ያዘጋጁና ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያወጡ ያሽቱ። ለዚህ ሥራ ከአፍንጫ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። ጤነኛ ድንጋይ የሚሸተው ባሕር ባሕር ነው። የተበላሸ እንቁላል የሚሸተውን ሲያገኙ ገልብጠው ይዩት፤ ነጭ ወይም ግራጫ ዝልግልግ ነገር ይዞ ታገኙታላችሁ፣ እሱ የሞተ ስፖንጅ ነው። ድንጋዩን ባልዲው ውስጥ እንደነከሩ በወረንጦና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀስ አድርገው ያንሡት። ከውሃው ውጭ አይፋቁ፤ ፍንጣቂው ዓይን ውስጥ ይገባል። ቡናማ ቁልፍ የሚመስሉትን ካያችሁ ጨርሶ አይንኩ። በቧንቧ ውሃ ማለቅለቅም አይገባም፤ ክሎሪኑም፣ ጨው አልባነቱም የሚገድለው ከመንገድ የተረፈውን ነው።

ከዚያ የአኳሪየሙን ግማሽ ውሃ በአዲስ የጨው ውሃ ይቀይሩ። 'ሳይክሉን ያዘገየዋል' የሚሉ ሰዎች አሉ። አይስሟቸው። ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩት ድንጋዩ ላይ እንጂ ውሃው ውስጥ ተንሳፍፈው አይደለም። አሞኒያው በሊትር ከ5 ሚሊግራም ሲያልፍ ግን የተረፉትን ትሎችና ስፖንጆች ይጨርሳቸዋል፤ እነሱ ሲሞቱ ደግሞ ሌላ አሞኒያ ይመጣል። ሙቀቱን 25 ወይም 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ፣ ጨዉን በኪሎ ውሃ 35 ግራም ላይ ያድርጉት፤ በሪፍራክቶሜትር፣ ጨዋማነትን በሚለካው መሣሪያ፣ 1.026 ያህል ማለት ነው። ፓምፑ ውሃውን በየድንጋዩ መሐል በኃይል ያዘዋውር። ፕሮቲን ስኪመር ካለዎት ቀንና ሌሊት ይሥራ፤ የበሰበሰው ነገር አሞኒያ ከመሆኑ በፊት በአረፋው ይዞ ያወጣዋል። መብራቱን ግን ያጥፉት። ባክቴሪያዎቹ ብርሃን አይሹም፤ በዚህ ሰዓት መብራት የሚጠቅመው ለአልጌ ብቻ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ጨዉን የበጠበጡት በቧንቧ ውሃ ነው? በዋሽንግተን ዲሲ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቧንቧ ውሃ የሚታከመው በክሎራሚን ነው፤ በእናንተ በሰሜን ቨርጂኒያም አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ እንዲሁ ነው። ክሎራሚን ክሎሪንና አሞኒያ ተጣምረው የሚሠሩት ነው። ተራው የክሎሪን ማጥፊያ ክሎሪኑን ሲይዘው አሞኒያውን ይፈታዋል። ስለዚህ ገና ድንጋይ ሳይገባ መለኪያው ቀለም ሊቀይር ይችላል። አርኦ ዲአይ በሚባለው ማጣሪያ ያለፈ ውሃ ይጠቀሙ። ማጣሪያውን መግዛት ካልቻሉ ብዙ የጨው ውሃ ዓሣ ሱቆች ውሃውን በጋሎን ይሸጣሉ፤ ባዶ ጀሪካን ይዞ መሄድ ነው።

ዳምሰልፊሹ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። አያስገቡት። ይህ ድሮ የተለመደ፣ አሁን መቅረት ያለበት ልማድ ነው። አሞኒያ የዓሣውን መተንፈሻ ስንጥብ ያቃጥላል። በጨው ውሃ ደግሞ ከጨው አልባው ይብሳል፤ ምክንያቱም የባሕር ውሃ ፒኤች 8.2 አካባቢ ነው፣ ፒኤች ከፍ ባለ ቁጥር መርዛም በሆነው በጋዝ መልኩ የሚገኘው የአሞኒያ ድርሻ ይጨምራል። በፒኤች 7 ከመቶ አንድ እንኳን የማይሞላው፣ እዚህ በብዙ እጥፍ ያድጋል። ዓሣው ከሞተ ለልጆችዎ የመጀመሪያው ትዝታ ይሆናል። ከተረፈ ደግሞ ዳምሰል ክልሉን አጥብቆ የሚጠብቅ ዓሣ ነውና ኋላ የሚመጣውን ክላውንፊሽ ያሳድደዋል፤ ከድንጋዩ መሐል አጥምዶ ማውጣትም አይቻልም። ደግሞስ ለምን? ዳምሰሉ የሚፈለገው አሞኒያ እንዲያመርት ነበር። የእርስዎ ድንጋይ አሞኒያውን ከበቂ በላይ እያመረተ ነው።

ደሴ ኬሚስትሪ ሳስተምር ይህን ዑደት በጥቁር ሰሌዳ ላይ እስል ነበር፤ አኳሪየሙ ግን በየማታው በመለኪያ ቱቦ ውስጥ ያሳይዎታል። መጀመሪያ አሞኒያው ይወጣል። አሞኒያን ናይትራይት የሚያደርጉ ተህዋስያን በዝተው ሲደርሱበት መውረድ ይጀምራል፤ ናይትራይቱ በፋንታው ይወጣል። ከዚያ ሌሎች፣ ናይትራይትን ናይትሬት የሚያደርጉት፣ ይደርሳሉ። እነዚህ ከፊተኞቹ ዘግይተው ነው የሚበረቱት፣ ስለዚህ ናይትራይቱ ለቀናት ከፍ ብሎ ቢቆም አይደንግጡ። በጨው ውሃ ናይትራይት የሚፈራውን ያህል ገዳይ አይደለም፤ በባሕር ውሃ ውስጥ ያለው ብዙ ክሎራይድ በዓሣው ስንጥብ በኩል እንዳይገባ ይሻማዋል። ናይትራይት ባለበት ሰዓት የናይትሬት መለኪያ የተጋነነ ቁጥር ስለሚሰጥ እሱን ለጊዜው አይመኑት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የሚያስደስተኝ ነገር ስለሆነ። አሞኒያን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ብቻ ናቸው ተብሎ ለመቶ ዓመት ያህል ሲታመን ኖሯል። በ2005 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ሲያትል ካለው የሕዝብ አኳሪየም፣ ከአንድ የሐሩር ባሕር ገንዳ ጠጠር ውስጥ፣ ባክቴሪያ ያልሆነ፣ አርኪያ ከሚባለው ሌላ የሕይወት ዘር የሆነ አሞኒያ በሊ አገኙ። ኒትሮሶፑሚለስ ማሪቲመስ ብለው ሰየሙት። ዛሬ በውቅያኖስ ውስጥ ከዚህ ሥራ ትልቁን ድርሻ የሚሠሩት የእሱ ወገኖች እንደሆኑ ይታወቃል። ከዓሣ ገንዳ ጠጠር የተጀመረ ግኝት ነው። የእርስዎ ድንጋይ ላይም ወገኖቹ አይጠፉም።

መቼ ያልቃል? እንደዚህ ባለ ድንጋይ ከ3 እስከ 6 ሳምንት የተለመደ ነው፤ ቀን መቁጠሪያውን ግን አይመኑ፣ መለኪያውን ይመኑ። አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲገቡ ፈተና ይስጡት፦ ንጹሕ የአሞኒየም ክሎራይድ ጠብታ ገዝተው አሞኒያውን በሊትር 2 ሚሊግራም ያድርሱት። በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለቱም ተመልሰው ዜሮ ከሆኑ ዓሣ ለመቀበል ደርሷል። ካልሆኑ ሳምንት ጠብቀው ይድገሙት። በመጨረሻ የቀረውን ናይትሬት በትልቅ የውሃ ቅየራ ያውርዱት። የድንጋዩ ውስጠኛ ክፍል ኦክስጅን ስለማይደርሰው እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ናይትሬትን ወደ ጋዝ ይቀይራሉ ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን በአንድ ሳሎን አኳሪየም ውስጥ ያንን ተማምኖ የውሃ ቅየራን መተው አያዋጣም።

እስከዚያ ልጆቹስ? ጥያቄዎን ሳነብ ያሰብኩት እነሱን ነው። 'ዓሣው መቼ ይመጣል' እያሉ ባዶ ውሃ እንዲያዩ አያድርጓቸው፤ ውሃው ባዶ አይደለም። አሞኒያው ወርዶ ውሃው ሲጠራ፣ ማታ የሳሎኑን መብራት አጥፍተው የእጅ ባትሪ በቀይ ፕላስቲክ ሸፍነው ይስጧቸው። ብዙዎቹ የባሕር ፍጥረታት ቀይ ብርሃን እምብዛም ስለማያውካቸው አይሸሹም። መስታወቱ ላይ እንደ ነጭ ነቁጥ ሆነው የሚፈናጠሩት ኮፔፖዶች ናቸው፤ አጉሊ መነጽር ካለ ሁለት የእንቁላል ከረጢት ከኋላዋ ያንጠለጠለች እናት ኮፔፖድ ማግኘት ይቻላል። ከድንጋዩ ቀዳዳ ቀጫጭን እጆች ወጥተው ሲወዛወዙ ካያችሁ ብሪትል ስታር ነው። ላባ የመሰለ አክሊል ዘርግቶ፣ ጥላ ሲያርፍበት ዓይን ሳይጨፈን የሚሰበሰብ ትልም አለ። በጎኑ የብርጭቆ ስባሪ የሚመስል ጠጉር ያለው ሐምራዊ ትል ብሪስል ዎርም ይባላል፤ በባዶ እጅ ካልተነካ ጉዳት የለውም፣ የሞተ ነገር እየበላ ያጸዳል። ሰዎች በድንጋጤ እያወጡ ይጥሉታል፤ እባክዎ አይጣሉት። ሌሊት ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ግን ማንቲስ ሽሪምፕ ሊሆን ይችላል፤ ድንጋዩን ለይቶ ማውጣት ይሻላል፣ ትንንሽ ዓሣ ይመታል። ቡናማ ግልጽ ግንድ ላይ ረጃጅም ጣቶች ያሉት ትንሽ አኔሞኒ አይፕቴዥያ ነው። እሱን በቢላ አይቁረጡት፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ሌላ ይሆናል።

ለትልቁ ልጅ ደግሞ ደብተር ይስጡት። የየማታውን አሞኒያና ናይትራይት እሱ ይመዝግብ፣ መስመሩን እሱ ይሳል።

መብራት ማብራት ሲጀምሩ አሸዋውና መስታወቱ ቡናማ ዱቄት ይለብሳሉ። ዲያቶም ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። ቀጥሎ አረንጓዴ አልጌ ይከተላል፤ ያኔ ጥቂት ቀንድ አውጣዎች ያስገቡ። ዓሣን በተመለከተ በእርባታ የተወለደ ክላውንፊሽ ይጠይቁ፤ ከባሕር ከተያዘው ይልቅ የአኳሪየም ኑሮን ለምዶ ያደገ ነው። ሁለት ትንንሾች በአንድ ጊዜ ቢያስገቡ ጥሩ ነው፤ ሁሉም ወንድ ሆነው ይጀምራሉ፣ የበላይ የሆነው ሴት ይሆናል። ከመግባታቸው በፊት በሌላ ባዶ ገንዳ አራት ሳምንት ለብቻ ያቆዩአቸው፤ ነጭ ነጠብጣብ የሚባለው በሽታ አንዴ አኳሪየሙ ውስጥ ከገባ መድኃኒቱ መዳብ ነው፣ መዳብ ደግሞ ድንጋዩ ላይ ያለውን ሁሉ ይገድላል። መዳብ የነካው ድንጋይ ወደ ላይቭ ሮክነት አይመለስም።

ከዱባይ

"ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። ከጓደኞቼ ጋር በተከራየነው ቤት ባለ 75 ሊትር የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ፤ ሳይክሉ ገና አልጨረሰም። ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። ፉጃይራ ባሕር ዳር ስንሄድ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆኑ የሚያምሩ ድንጋዮች አያለሁ፤ አንድ ሁለት ባነሣ ምን አለበት? ሌላው፣ ውሃው በየቀኑ ይጎድላል፣ እኔም በጨው ውሃ እየሞላሁት ነው። ከድንጋዩ ጋር የመጡት ቀንድ አውጣዎች መንቀሳቀስ አቁመዋል።"

መልስ

ልጄ፣ ከሁለተኛው ልጀምር፣ እሱ ይቸኩላልና። የሚተንነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨዉ ይቀራል። በየቀኑ በጨው ውሃ ስትሞዪው ጨዉን በየቀኑ እየጨመርሽበት ነው፤ ቀንድ አውጣዎቹ መንቀሳቀስ ያቆሙት በዚህ ሊሆን ይችላል። የኤር ኮንዲሽነር አየር ደረቅ ስለሆነ እንደ እናንተ ባለ ቤት ትነቱ ብዙ ነው። ሪፍራክቶሜትር ተዋሺም ቢሆን ለኪው። ከ35 በጣም ከፍ ብሎ ካገኘሽው በአንድ ቀን አታውርጂው፤ በየቀኑ ከአኳሪየሙ ጥቂት የጨው ውሃ እየቀዳሽ በምትኩ የተጣራ ጨው አልባ ውሃ ጨምሪ፣ ሳምንት ይፍጅ። ከዚያ በኋላ መስታወቱ ላይ የውሃውን ከፍታ በፕላስተር ምልክት አድርጊና በጎደለ ቁጥር በተጣራ ውሃ ብቻ እስከ ምልክቱ ሙዪው። የጨው ውሃ የሚገባው ውሃ ስትቀይሪ ብቻ ነው። የቧንቧችሁ ውሃ ከባሕር የተጣራ ቢሆንም ክሎሪን ተጨምሮበት፣ በጣሪያ ታንከርና በቧንቧ አልፎ ነው የሚደርስሽ፤ እሱንም በማጣሪያ አሳልፊው። ኤር ኮንዲሽነሩ ጠፍቶ ቤቱ የሚግልበት ቀን ካለ ደግሞ ውሃው ከ29 ዲግሪ እንዳያልፍ ተጠንቀቂ፤ ሲሞቅ ኦክስጅን ይለቃል፣ ባክቴሪያዎቹም ያለ ኦክስጅን አይሠሩም።

ድንጋዩን አታንሺ። ድንጋያማ ኮራሎችና ከእነሱ የተሠራ ሕያው ድንጋይ ሳይቲስ በሚባለው የዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፉም። ከሕጉ በላይ ግን የፉጃይራ ባሕር ራሱ የተጎዳ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ጎኑ የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ መታው፤ ሳያገግም ከ2008 እስከ 2009 ቀይ ማዕበል የሚባለው የአልጌ ወረርሽኝ ብዙ ኮራል ገደለበት። አዲስ የሚወለደው የኮራል ጫጩት የሚያርፈው አንቺ ባየሻቸው በነዚያ ቀዳዳ ድንጋዮች ላይ ነው። እዚያው ይቆዩለት። ከሱቅ በፈቃድ የመጣውን ግዢ።

ከአዲስ አበባ

"ጋሼ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ባለ 100 ሊትር መስታወት አሠርቻለሁ። እዚህ ላይቭ ሮክ ማግኘት አልቻልኩም። ከአፋር የሚመጣውን ጨው በጥብጬ፣ ከቀይ አሽ ድንጋይ ጋር ብጀምር ይሆናል?"

መልስ

ጨዉ አይሆንም፣ ምክንያቱን ልንገርህ። በአንድ ኪሎ የባሕር ውሃ ውስጥ ካለው 35 ግራም ጨው 19 ያህሉ ክሎራይድ፣ 11 የሚጠጋው ሶዲየም ነው። የቀረው 2.7 ግራም ሰልፌት፣ 1.3 ግራም ማግኒዥየም፣ 0.4 ካልሲየም፣ 0.4 ፖታሲየም፣ ጥቂት ባይካርቦኔት ነው። አሞሌው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይሰጥሃል፤ የቀሩትን በሚፈለገው መጠን አይሰጥህም። ባይካርቦኔቱን አትናቀው፦ ተህዋስያኑ 1 ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ሲቀይሩ ከውሃው 7 ግራም ካልሲየም ካርቦኔት የሚተካከል አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የሚቋቋምበት አቅም) ይበላሉ። እሱ ሲያልቅ ፒኤቹ ይወርዳል፣ ሥራውም ይቆማል። ለአኳሪየም የተዘጋጀ የባሕር ጨው ከውጭ የሚመጣ ሰው ይያዝልህ፤ ለ100 ሊትር 4 ኪሎ ያህል ይበቃሃል፣ ለውሃ ቅየራ ደግሞ ተጨማሪ።

ቀይ አሹ ባክቴሪያ ለማስፈር አይከፋም፤ ቀዳዳው ብዙ ነው። ነገር ግን ብረት የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ ኮራል ለማኖር ካሰብክ አልመክርህም። ለአኳሪየም ተብሎ የሚሠራ የሴራሚክ ድንጋይ ከጨዉ ጋር ብታስመጣ ይሻላል። ከተማው ውስጥ የጨው ውሃ አኳሪየም ያለው ሰው ወይም ሆቴል ካገኘህ፣ ጡጫ የምታህል ድንጋይ ወይም ከማጣሪያው አንድ ስፖንጅ እንዲሰጥህ ጠይቅ፤ ለአዲስ ሊጥ እርሾ እንደሚያደርጉለት ነው። ከጨው አልባ አኳሪየም የተወሰደው ግን የጨዉን ውሃ አይለምድልህምና አይጠቅምም። ምንም ካላገኘህ በጠርሙስ የሚሸጠውን ባክቴሪያ፣ የአገልግሎት ጊዜው ያላለፈውን፣ ሞክር። እሱም ከሌለ ይጀምራል፣ ብቻ ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ሊወስድብህ ይችላል።

ምግባቸውን ከላቦራቶሪ ታገኛለህ። ንጹሕ አሞኒየም ክሎራይድ 0.6 ግራም በ100 ሊትርህ ውስጥ ብትበጠብጥ አሞኒያው በሊትር 2 ሚሊግራም አካባቢ ይሆናል። ሽቶ ያለበት የጽዳት አሞኒያ አትጠቀም። አሞኒያው እስኪወርድ ሌላ አትጨምር።

ከፍታውን ደግሞ አስብ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛው ነው። የጨው ውሃ በ25 ዲግሪ፣ በባሕር ጠለል፣ በሊትር ወደ 7 ሚሊግራም የሚጠጋ ኦክስጅን ይይዛል፤ አንተ ዘንድ 5 አካባቢ ነው የሚሆነው። ባክቴሪያዎቹ ደግሞ ለ1 ግራም ናይትሮጅን ከ4 ግራም በላይ ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ፓምፕህን የውሃው ፊት እንዲናወጥ ወደ ላይ አዙረው፣ ክዳን ካለህ ክፍት ተው፣ ሙቀቱን 24 ዲግሪ ላይ አድርገው፤ ማታ ማታ ስለሚበርድ ማሞቂያ ያስፈልግሃል። ወደፊት ዓሣ ስታስገባም ባሕር ጠለል ላይ ያለ ሰው ከሚያስገባው ቀንስ።

መብራት ለሚጠፋበት ሰዓት በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ያዝ። የተዘጋ የጣሳ ፊልተር ካለህ፣ መብራት ለሰዓታት ጠፍቶ ሲመለስ ወዲያው አታብራው። ውስጡ የታጎረው ውሃ ኦክስጅኑን ጨርሶ መርዝ ሆኖ ይጠብቅሃል። መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀል፣ ጣሳውን ከፍተህ ውሃውን ድፋ፣ ስፖንጁን በጨው ውሃ አለቅልቀህ መልስና ከዚያ አብራው።